በሕትመት ዓይነት ሲፈልጉ ጥናት የሚያስመልጡ ስህተቶች

ፐብመድ (የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ የወባ መድኃኒቱን «አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን» ብለው ጽፈው በግራ በኩል ያለውን «ራንደማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያል» (በዕጣ የተመደበ ሙከራ) ማጣሪያ ቢጫኑ ዝርዝሩ ወዲያው ያጥራል። ከዝርዝሩ ከተወገዱት መካከል ግን እርስዎ የሚፈልጓቸው ሙከራዎችም ይኖራሉ።

ማጣሪያውን ብቻ ማመን። ማጣሪያው የሚያየው የሕትመት ዓይነት መለያን ነው፤ ይህ መለያ በአብዛኛው የሚለጠፈው ጽሑፉ ለሜድላይን (የፐብመድ ዋና ክፍል ለሆነው የመረጃ ቋት) በርዕስና በዓይነት ሲመደብ ነው። ሰሞኑን የገባ ጽሑፍ ገና ያልተመደበ ሊሆን ይችላል፤ ፐብመድ ላይ እየታዩ ሜድላይን የማይመድባቸው መጽሔቶችም አሉ። ከ2022 ጀምሮ ምደባውን የሚሠራው ኮምፒውተር በመሆኑ ሥራው ፈጥኗል፤ ስህተቱ ግን አልጠፋም። ስለዚህ በርዕስና በአብስትራክት የሚገኙ ቃላትን («ራንደምላይ»፣ «ፕላሴቦ»፣ «ትራያል») ከመለያው ጋር በ«ኦር» («ወይም») ያያይዙ። የማይረባ ውጤት ይበዛል፤ ለሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉ ጥናቶችን ሁሉ ለሚያሰባስብ ዳሰሳ) ከሆነ ግን ድካሙ አይቀርም።

«አዝ ቶፒክ» የሚለውን አለማስተዋል። «ራንደማይዝድ ኮንትሮልድ ትራያልስ አዝ ቶፒክ» የሜሽ (የሜድላይን የርዕስ ቃላት ዝርዝር) ርዕስ ነው፤ ስለ ሙከራ አሠራር ለሚያወሩ ጽሑፎች ይሰጣል። ሙከራው ራሱ የሚገኘው «ፒቲ» (የሕትመት ዓይነት) በሚለው የመፈለጊያ መስክ ነው።

በ«ኖት» (ይህን አስወጣ በሚለው ቃል) መቁረጥ። ብዙ ጥናት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጽሑፍ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሊኖረው ይችላል፦ የአንድ ሕመምተኛን ሁኔታ አቅርቦ ቀደም ያሉ ጽሑፎችን የሚዳስስ ሥራ «ኬዝ ሪፖርትስ»ም «ሪቪው»ም ተብሎ ይመደባል። «ኖት ሪቪው» ካሉ የሕመምተኛው ጉዳይ አብሮ ይጠፋል። «ኖት አኒማልስ» ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ በሜሽ ዛፍ ላይ ሰው የተቀመጠው ከእንስሳት ሥር ስለሆነ በሰው ላይ የተሠራውንም ይጠርገዋል። ትክክለኛው አጻጻፍ «ኖት (አኒማልስ ኖት ሂውማንስ)» ነው። «ሂውማንስ» የሚለውን ማጣሪያ መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ ገና ያልተመደቡትን ያስቀራል።

የሌለ መለያ መፈለግ። «ኮሆርት ስተዲስ» (የሰዎችን ቡድን በጊዜ ሂደት የሚከታተሉ ጥናቶች) የሜሽ ርዕስ እንጂ የሕትመት ዓይነት አይደለም። «ኦብዘርቬሽናል ስተዲ» (ጣልቃ ሳይገባ የሚታዘብ ጥናት) የሕትመት ዓይነት የሆነው በ2014 ስለሆነ ለቆየ ጥናት ብቻውን አይበቃም።

የፐብመድን የፍለጋ ስልት ሳይቀይሩ ወደ ኤምቤዝ (ሌላ የሕክምና ጽሑፎች መረጃ ቋት) መገልበጥ። እዚያ የሕትመት ዓይነት የሚባለው አርቲክል፣ ሪቪው፣ ደብዳቤ፣ የጉባኤ አብስትራክትና የመሳሰለው ነው። በዕጣ የተመደበ ሙከራ ግን በኤምትሪ (የኤምቤዝ የርዕስ ቃላት ዝርዝር) ቃል ይፈለጋል። ዜሮ ከመጣ መጀመሪያ መስኩን ይዩ።