ላብራዶር ወይስ ቢግል? ለባሕር ዳር ግቢ ውሻ ስትመርጡ

ሁለቱንም አሳድጌያለሁ። ላብራዶሯ ዳማ ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ይህን ስጽፍ በረንዳው ላይ ተዘርራ ተኝታለች። ቢግሉ ቡቺ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ አሁን ዘንዘልማ፣ እህቴ ግቢ ነው ያለው። ለምን እዚያ እንደሄደ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። የምትፈልጉት ሌባ የሚያባርር ውሻ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው። ዳማ የማታውቀው ሰው ሲገባ ጭራዋን እየቆላች ትቀበለዋለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት እሷን አይመለከታትም። ለበር የእኛው የአበሻ ውሻ ይሻላል። ላብራዶርና ቢግል የሚያዙት ከልጅ ጋር እንዲውሉ ነው።

ሁለቱም የአደን ውሾች ናቸው፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የላብራዶር አያቶች ካናዳ ውስጥ የኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ውሾች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር ተወስደው፣ አዳኝ ተኩሶ የጣለውን ዳክዬ ከውኃ እያወጡ ሳያደቁት እጁ ላይ እንዲያስረክቡ ተደርገው ተዳቀሉ። ቢግል ደግሞ በመንጋ ሆኖ የጥንቸል ሽታ እየተከተለ ይሮጣል። አዳኙ ከኋላ በእግሩ ይከተላል። ውሾቹ የት እንደደረሱ የሚያውቀው በጩኸታቸው ነው። እንግዲህ አስቡት። አንዱ ወደ ሰው እንዲመለስ የተራባ ነው፤ ሌላው አፍንጫውን ተከትሎ ከሰው እንዲርቅ። እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የፋሲካ ለት ሦስተኛው ቤት ቅርጫ ነበር። ቡቺን ምሰሶው ላይ አስሬው ነበር፤ ልጆቹ አዝነው ፈቱት። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ፣ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ሲቆፍር ደረስኩ። «ቡቺ!» አልኩት። ዞር እንኳ አላለም። እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ሽታው ሲይዘው ሌላው ነገር ሁሉ ይጠፋበታል። በዚያች ቅጽበት ሾልኮ ወጣ። አስፋልቱን ሲሻገር ባጃጅ ለጥቂት ሳተው። ስለዚህ አጥራችሁ ከሥሩ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ካልታሰረ ቢግል አትያዙ። ከግቢ ውጪ ደግሞ ማሰሪያውን ለአፍታም አትልቀቁ።

የሸኘነው ግን በዚህ አልነበረም። በማላዘኑ ነው። ቢግል ብቻውን መዋል አይችልም። እኔና ባለቤቴ ሥራ እንሄዳለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና ያደርግና ረጅሙን ይለቀዋል። በእኛ ዘንድ ውሻ ሲያላዝን ሰው ሊሞት ነው ይባላል። ጎረቤታችን እማሆይ ደግሞ የታመመ ወንድም እያስታመሙ ነበር። አንድ ማታ በር አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ይሄን ውሻ አንድ በልልኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። የዘሩ ጠባይ ነው ብዬ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። በሳምንቱ ቡቺን ዘንዘልማ ወሰድኩት። እህቴ ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፣ ሁለት ውሾች አሏት፣ ጎረቤትም ራቅ ይላል። እዚያ ደስተኛ ነው፤ የሚያላዝነውም አልፎ አልፎ ነው።

ላብራዶርስ? የላብራዶር ፈተና ሁለት ነው፤ ውኃና ሆድ።

ዳማ ጣናን ካየች አትያዝም። ጣና ደግሞ መዋኛ ገንዳ አይደለም። ጉማሬ አለ፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። እምቦጭ የሸፈነው ዳርቻ ላይ ከገባች እግሯ ይተበተባል። አንድ ክረምት ከሐይቅ ከተመለስን ከቀናት በኋላ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ የደም ጠብታ አየሁ። እግሯን አገላብጬ አየሁ፤ ቁስል የለም። የእንስሳት ሐኪሙ አፏን ከፍቶ ምላሷን ቀና ሲያደርግ አልቅት! ጥቁር አረንጓዴ፣ የትንሽ ጣት ያህል፣ ከምላሷ ሥር ተጣብቆ። በመቆንጠጫ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ወዲህ ውኃ የማጠጣት ከቤት ይዤ ሄጄ ነው፤ የምትገባውም በረጅም ገመድ ታስራ ነው። ልጆቻችሁ ደግሞ ውሻውን ሐይቅ ውስጥ ገብተው እንዳያጥቡ። ቢልሃርዝያ የሚይዘው እነሱን ነው።

ሆዷን በተመለከተ፣ ላብራዶር ጠግቤያለሁ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶር አንዱ ገደማ ረሃብን የሚቆጣጠር አንድ ዘረመል ላይ ጉድለት እንዳለበት አሳይተዋል። ስለዚህ በዓይኗ ስትለምናችሁ አትሸነፉ። ስትወፍር ዳሌዋ ይጎዳል፤ ይህ ዘር ድሮም የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል። ሴቷ ከ25 እስከ 32 ኪሎ፣ ወንዱ እስከ 36 ኪሎ ይመዝናል። ቢግል ከ9 እስከ 14 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የሚበላውም በዚያው ልክ ያንሳል። የወር ወጪያችሁን ከዚህ አስሉት።

ምግብ ላይ ልብ በሉ። እኛ ቤት የተረፈ ሁሉ ለውሻ ነው። ወጥ ግን ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ፣ ቀዩም ነጩም፣ የውሻን ደም ይጎዳል። ወጥ የነካው እንጀራ አትስጡ። ከልኳንዳ የሚመጣ ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይሰጥም። የሚቋጥር ትል ይኖርበታል፤ ከውሻው ወደ ልጆቻችሁ ይተላለፋል። በደንብ ቀቅሉት፣ የትል መድኃኒትም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ስጡ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ከቤታችን ሥጋ ይጠፋል፤ ውሻው ግን አይጾምም። እኔ ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚያሰናዱት ልጆች የቀረሶ ጭንቅላት እገዛለሁ። ቀቅዬ፣ እሾሁን በእጄ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ከሩዝ ጋር አዋህዳለሁ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ይህን ግማሽ ሰዓት ማን እንደሚሰጥ ውሻው ከመምጣቱ በፊት ቤት ውስጥ ተነጋገሩ።

የእኔ ፍርድ ይኸው። ቀን ቀን ባዶ የሚሆን ቤት፣ ጎረቤት ግድግዳ የሚጋራ፣ ጠዋትና ማታ የሚያንሸራሽር ሰው ያለው ከሆነ ላብራዶር። ሁሌ ሰው የማይጠፋበት፣ አጥሩ የጠነከረ፣ ጎረቤት የራቀ ግቢ ከሆነ ቢግል። ጠዋትም ማታም የሚያንሸራሽር ከሌለ ሁለቱም ይቅሩ። ከስድስት ወር በኋላ በሰንሰለት ታስሮ የሚኖር የአደን ውሻ ማየት ያሳዝናል።

ቡችላ ስትመርጡ እናቱን ሳታዩ አትክፈሉ። አነሳሷንና አረማመዷን ተመልከቱ። ከስምንት ሳምንት በታች የሆነ ቡችላ ከእናቱ አይለይ። የቢግልን ጆሮ ገልብጣችሁ አሽትቱ፤ የሚከረፋ ከሆነ ታሟል። የክትባት ወረቀት ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል፤ በዚህ ቀልድ የለም። ቡችላውን ዓርብ ማታ አምጡት፤ ቅዳሜንና እሑድን ቤት ዋሉለት።