የቤተሰብ ኬክ ቤት ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

ቤተሰባችሁ ኬክ ቤት ካለው ታሪኩን ዛሬውኑ መሰብሰብ ጀምሩ። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ስንት የድሮ ቤት እንደሄደ አይተናል። መጀመሪያ አያታችሁን ምድጃው አጠገብ አስቀምጧቸው። ዝም ብላችሁ «ታሪኩን ይንገሩኝ» አትበሉ፤ እጃቸው ሲሠራ ነው አፋቸው የሚፈታው፣ ስለዚህ ሊጡ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ፣ በጾም ቅቤና እንቁላሉ በምን እንደሚተካ፣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ እየጠየቃችሁ በስልክ ቅዱ። «ትንሽ ስኳር» ካሉ ያችን ትንሽ በሚዛን መዝኑ። ከዚያ ወረቀቱ፦ ንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ሱቅ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆኗል፤ የድሮ የኪራይ ደረሰኝ እንዳትጥሉ! የፎቶዎቹን ጀርባም አገላብጡ። ቀን ካገኛችሁ በኛ ይሁን በፈረንጅ አቆጣጠር ለይታችሁ ጻፉ።