የጃፓን ተከታታይ ድራማ የተመልካች መጠን እንዴት ይነበባል?

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና ወይም በሸዋ ሮቢት ሆነው የጃፓን ተከታታይ ድራማዎችን በስልካቸው የሚከታተሉ ወጣቶች ስለ አንድ ድራማ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት ማስረጃ የተመልካች መጠኑን፣ በተለምዶ ሬቲንግ የሚባለውን ቁጥር ነው። አንዱ «አምስት በመቶ ብቻ ያገኘ ነው» ብሎ ሲያጣጥል፣ ሌላው ከዓመታት በፊት አርባ በመቶን ያለፈ ድራማ ያነሣበታል፤ ቁጥሩ ከየትኛው አካባቢ፣ ከማንና በምን መንገድ እንደተወሰደ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። በዚህ የተነሣ ብዙ ጥሩ ድራማዎች ያለ አግባብ «የወደቁ» ተብለው ሳይታዩ ይቀራሉ። ይህ መመሪያ አንባቢው አንድን ሬቲንግ ባየ ጊዜ ሊያነሣቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ያሳያል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቁጥሩ የየት ነው የሚለው ነው። በጃፓን የቴሌቪዥን ተመልካችን የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው ቪዲዮ ሪሰርች የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ተፎካካሪው የአሜሪካ ድርጅት ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚህ ሥራ ከወጣ ወዲህ የሚጠቀሰው ቁጥር የዚሁ ድርጅት ነው። ጋዜጦች «ሬቲንጉ ይህን ያህል ሆነ» ብለው ሲጽፉ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ መላው ጃፓን ሳይሆን ስለ ካንቶ፣ ማለትም ስለ ቶኪዮና በዙሪያዋ ስላሉት አውራጃዎች ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 የተላለፈው የ«ሃንዛዋ ናኦኪ» የመጨረሻ ክፍል በካንቶ 42.2 በመቶ ሲያገኝ፣ ኦሳካን በያዘው በካንሳይ ግን 45.5 በመቶ ደርሶ ነበር። ስለዚህ የአንዱን ድራማ የካንቶ ቁጥር ከሌላው የካንሳይ ቁጥር ጋር ማወዳደር አይገባም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስንት ቤተሰብ ተለክቶ ነው የሚለው ነው። በካንቶ ለረጅም ዓመታት መለኪያ የተተከለላቸው ቤተሰቦች 600 ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 900፣ በ2020 ደግሞ ወደ 2,700 አደጉ። ከአርባ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለሚኖርበት አካባቢ ይህ በጣም ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በደብረ ብርሃን የእህል ገበያ ገብስ የሚገዛ ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ ዘርግፎ እንደማያይ፣ ይልቁንም እጁን ወደ ጆንያው ሆድ አስገብቶ ከላይም ከታችም ዘግኖ እንደሚመረምር ሁሉ፣ እዚህም ወሳኙ የናሙናው ብዛት ብቻ ሳይሆን ያለ አድልዎ የተወሰደ መሆኑ ነው። የተመረጡት ቤተሰቦች ማንነት በምሥጢር የሚያዘውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የኒፖን ቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር መለኪያ ያላቸውን ቤተሰቦች በመርማሪዎች አስፈልጎ፣ የሚሠራቸውን ዝግጅቶች እንዲያዩለት ገንዘብ መክፈሉ በተጋለጠ ጊዜ በአገሪቱ ትልቅ ቅሌት የሆነው ጥቂት ቤተሰቦችን መግዛት መላውን ቁጥር ማበላሸት ስለሆነ ነው።

ናሙና እስከሆነ ድረስ የስሕተት ወሰን አይቀርለትም። አንድ ድራማ 10 በመቶ አገኘ ሲባል፣ በ600 ቤተሰቦች ዘመን እውነተኛው መጠን ከዚያ በ2.4 ነጥብ ያህል ሊወርድ ወይም ሊወጣ ይችል ነበር፤ በ900 ቤተሰቦች ወሰኑ ወደ 2 ነጥብ፣ በ2,700 ደግሞ ወደ 1.1 ነጥብ ይጠብባል። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት 9.9፣ በዚህ ሳምንት 10.2 ያገኘ ድራማ «አንሠራራ» ማለት አይቻልም፤ ልዩነቱ ከወሰኑ ውስጥ ነው። ለብዙ ሳምንታት በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ለውጥ ግን ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቲ ቢ ኤስ ጣቢያ የተላለፈውና በአጭር ስሙ «ኒገሃጂ» የሚባለው ድራማ በ10.2 በመቶ ጀምሮ በ20.8 በመቶ ሲፈጽም፣ ያ እድገት የናሙና አጋጣሚ እንዳልነበረ ማንም ሊያየው ይችላል።

ቀጥሎ ቁጥሩ የተሰላበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መለኪያው ቴሌቪዥኑ በየደቂቃው በየትኛው ጣቢያ ላይ እንደነበረ ይመዘግባል፤ የአንድ ክፍል ሬቲንግ የሚባለውም የእነዚህ ደቂቃዎች አማካይ ነው። ስለዚህ ሃያ በመቶ የሚሆነው ቤተሰብ ከድራማው ግማሹን ብቻ አይቶ ጣቢያ ቢቀይር፣ ሌላ ተመልካችም ባይገባ፣ ሬቲንጉ አሥር በመቶ ይሆናል። ጋዜጦች አንዳንዴ የሚያወጡት «ከፍተኛው ቅጽበት» የሚባል ቁጥር ከአማካዩ ይበልጣልና ሁለቱን መለየት ተገቢ ነው። ደግሞም ስሌቱ የሚካፈለው በዚያ ሰዓት ቴሌቪዥን ለከፈቱት ብቻ ሳይሆን፣ ዘግተው ለተኙትም ጭምር ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው ግን በቤተሰብና በግለሰብ ሬቲንግ መካከል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ይገባል። በደብረ ሲና አምስት ቤተሰቦች አሉ እንበል፤ በእያንዳንዳቸው አራት አራት ሰው ይኖራል፣ በድምሩ ሃያ ሰው ማለት ነው። ማታ በሁለቱ ቤት ድራማው ተከፈተ፤ በአንደኛው እናትና ልጅ አብረው ሲያዩ፣ በሌላው አያት ብቻቸውን አዩ። በቤተሰብ ሲለካ ከአምስቱ ሁለቱ አይተዋልና 40 በመቶ ይሆናል። በግለሰብ ሲለካ ግን ከሃያው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ 15 በመቶ። ያው ማታ፣ ያው ድራማ፣ ያው ተመልካች ነው፤ ቁጥሩ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። የቤቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁልፍ እየተጫኑ ማየታቸውን የሚያስመዘግቡበት መለኪያ በካንቶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ የግለሰቡ ልኬት በመላ አገሪቱ ተዘርግቷል። የዛሬ ዜናዎች «በግለሰብ 4 በመቶ» ሲሉ የድሮውን የቤተሰብ ቁጥር ለምዶ የቆየ አንባቢ ሊደነግጥ አይገባውም፤ በካንቶ አንድ በመቶ ግለሰብ ወደ አራት መቶ ሺህ ሰው ነውና፣ አራት በመቶ ማለት አንድ ሚሊዮን ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ማለት ነው።

የቤተሰብ ቁጥር ሌላም ጉድለት አለበት። ጃፓን አረጋውያን የበዙባት አገር ስለሆነች፣ ሽማግሌዎች የሚወዱት ዝግጅት በቤተሰብ ሬቲንግ ከፍ ይላል፤ ወጣቶች የሚወዱት ግን ዝቅ ብሎ ይታያል። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ወጣቱንና የሚሸምተውን ትውልድ ነው። ኒፖን ቴሌቪዥን ከ13 እስከ 49 ዓመት ያሉትን «ኮር» ብሎ ለይቶ የሚቆጥረው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ኤን ኤች ኬ ማስታወቂያ የማያስተላልፍ የሕዝብ ጣቢያ ስለሆነ ሬቲንግ ለእርሱ የገቢ ጉዳይ አይደለም። የጠዋት ተከታታይ ድራማዎቹን ደግሞ በሳተላይት ጣቢያውና በምሳ ሰዓትም ስለሚያስተላልፋቸው፣ የጠዋቱ 2 ሰዓት ቁጥር ብቻውን ተመልካቻቸውን በሙሉ አይገልጽም።

አሁን ደግሞ በሰዓቱ ያየውና ቀድቶ ያየው ሰው አንድ ላይ ተቆጥረዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቀራል። በካንቶ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ በሰባት ቀን ውስጥ ከቅጂ የታየው ለብቻው ይለካል፤ የሁለቱ ጥምር አጠቃላይ ሬቲንግ ይባላል። ጥምሩ የሁለቱ ድምር አይደለም፤ በሰዓቱ አይቶ በሳምንቱ ውስጥ በድጋሚ ያየ ቤተሰብ የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው። በኢንተርኔት፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ቲቨር በነጻ የሚታየው ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እዚያ የሚነገረው ድራማው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እንጂ በመቶኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በፉጂ ቴሌቪዥን የተላለፈው «ሳይለንት» በቤተሰብ ሬቲንግ ከአሥር በመቶ በታች ሆኖ ሳለ በቲቨር ክብረ ወሰን ሰብሯል። ያን ድራማ በቤተሰብ ቁጥሩ ብቻ የመዘነ ሰው የዓመቱን ዋነኛ መነጋገሪያ ሳያየው አልፏል።

የተለያየ ዘመን ቁጥር ሲወዳደር ጥንቃቄው መጨመር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1983 የጀመረው «ኦሺን» በአማካይ 52.6፣ በከፍተኛው ክፍሉ 62.9 በመቶ ያገኘው የእጅ ስልክም ኢንተርኔትም ለሕዝብ ባልተዳረሰበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድን ድራማ መመዘን የሚገባው በዚያው ወቅት፣ በዚያው ጣቢያና በዚያው ሰዓት ከነበሩት ጋር ነው። የጃፓን ድራማዎች በአብዛኛው በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት ይጀምራሉ፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ያህል ክፍሎችም ይኖሯቸዋል። የፉጂ የሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ድራማ መወዳደር ያለበት በዚያው ሰዓት ከቀደሙት ጋር እንጂ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚሰበሰብበት እሑድ ከሚተላለፈው የቲ ቢ ኤስ ድራማ ጋር አይደለም።

ይህን ሁሉ ለመከታተል የሚፈልግ ሰው ለእያንዳንዱ ድራማ በደብተር ላይ አንድ መስመር ይመድብ፤ ከቁጥሩ ጎን አካባቢውን፣ ቤተሰብ ወይም ግለሰብ መሆኑን፣ በሰዓቱ ወይም ጥምር መሆኑን ይጻፍ፤ ከእነዚህ አንዱ ያልተገለጸለትን ቁጥር ግን ለማወዳደሪያ አይውሰድ። ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በእነርሱ ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት የሚጀምረው ድራማ በደብረ ብርሃን ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በሰዓቱ የታየው ቁጥር እዚያ በማግስቱ ማለዳ ስለሚወጣ፣ እኛ ማክሰኞ ስንነሣ ደርሶ እናገኘዋለን። ከቅጂ የታየው ግን ሰባቱ ቀን እስኪሞላ መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ክፍል ሙሉ ፍርድ መስጠት የሚቻለው የቀጣዩ ክፍል ከተላለፈ በኋላ ነው።