አዳማን ይበልጥ የሚያሞቋት ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት «አዳማ ድሮም ሙቀት ናት» ብሎ መተው ነው። እርግጥ ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ከአዲስ አበባም ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እሱን አንለውጠውም። ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ምዕራብ የሚያይ የብሎኬት ግድግዳ ንኩ፤ ፀሐይ ከጠለቀች ሁለት ሰዓት አልፏል፣ ግድግዳው ገና ትኩስ ነው። አፈርና ቅጠል ውሃ እያተነኑ ይበርዳሉ። ብሎኬትና አስፋልት ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይተፉታል። ከተማ ከዙሪያዋ ገጠር ይልቅ በተለይ ማታ የምትሞቀው ለዚህ ነው፤ ይህ ደግሞ የእጃችን ሥራ ነው።

ግቢን ከአጥር እስከ አጥር ሊሾ ማድረግ ሌላው ነው። እኛም ቤት ሆኗል። እናቴ አቧራው ቢሰለቻት በር ላይ የነበረውን ኒም አስቆርጠን ግቢውን በሲሚንቶ ደፈንነው። ሚያዝያ ሲመጣ ከሰዓት በረንዳው ላይ መቀመጥ አቃተን፤ ቡናውም ወደ ሳሎን ገባ። አሁን ሊሾውን አንድ ካሬ ያህል ሰብረን ሌላ ኒም ተክለናል። ገና ጉልበቴ ጋ ነው።

መንገድ ሲሰፋም ያው ይደገማል። የቆየው ዛፍ ይቆረጥና ዘንባባና ሣር ይተከላል። ያምራል፣ ግን ፀሐይ ላይ ባጃጅ ለሚጠብቅ ሰው የዘንባባ ጥላ ምን ይሆነዋል? መንገዱን በሁለት ሜትር ማዞር እየተቻለ ዛፍ ሲወድቅ ያንገበግበኛል።

የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ስህተቱ ዳር ያለውን ተራራ ቆጥሮ 30ው ሞላ ማለት ነው። የአንድ መናፈሻ ቅዝቃዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች አያልፍም፤ ስለዚህ መሀል ከተማ ያለች ትንሽ ሜዳ ለሱቅ ስትሰጥ የሚሞቀው ጎረቤቷ ነው።

ቆርቆሮን ጥቁር አረንጓዴ ወይም ቡናማ መቀባትም ይቅር፤ ነጣ ያለ ቀለም ፀሐዩን ይመልሳል።

ነፋሳችንንም አንዝጋው። ዙሪያችን ካሉት ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ተርባይኖች የቆሙት ነፋስ ስላለን ነው። የሰፈራችሁ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ፣ ፎቆቹ ነፋሱን እንደ ግድግዳ ገጥመው ይዘጉት ወይም በመሀላቸው ያሳልፉት እንደሆነ ጠይቁ።