ላፕቶፑ ቲቪው ላይ አልታይ ሲል

ላፕቶፕና ቲቪ አልግባባ ሲሉ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኬብሉ ነው። ሰው ሄዶ አዲስ ይገዛል፣ ችግሩ ግን እንዳለ ይቆያል። ኪስ ከመግባታችሁ በፊት ሪሞቱን አንሱ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከቲቪው ወገን ነው።

«ኖ ሲግናል» ካለ

ሪሲቨሩ ምስልና ድምፅ በሚያስተላልፈው በኤችዲኤምአይ ቀዳዳ 1 ላይ፣ ላፕቶፑ 2 ላይ ተሰክቶ ቲቪው አሁንም 1ን እየጠበቀ ይሆናል። «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭናችሁ ላፕቶፑ የተሰካበትን ቁጥር ምረጡ። ቁጥሩ ከቀዳዳው አጠገብ ተጽፏል፤ ቲቪው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ስልካችሁን ከጀርባው አስገብታችሁ ፎቶ ማንሳት አንገት ከማጣመም ይሻላል።

ቁጥሩ ልክ ሆኖም ዝም ካለ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጫኑ። አራት ምርጫ ይመጣል፤ የመጀመሪያው ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያስቀራል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ምስል እንዲያሳዩ «ዱፕሊኬት»ን ምረጡ። «ኤክስቴንድ» ላይ ከሆነ ቲቪው የጀርባ ሥዕሉን ብቻ ያሳያል። ይህን ስንቱ ብልሽት መስሎት ተጨንቋል! ቲቪው ተጨማሪ ስክሪን ሆኖ ነው፤ የከፈታችሁትን ፊልም በማውዝ ወደ ጎን ስትጎትቱት ይሻገራል።

ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የምስል ቀዳዳ ብቻ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ጉዳይ ነው። ቪጂኤ አናሎግ፣ ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ስለሆነ በአንድ ጫፉ ቪጂኤ፣ በሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነ ተራ ገመድ አያገናኛቸውም። ምልክቱን የሚለውጥ ኮንቨርተር ያስፈልጋል፣ አቅጣጫም አለው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚለውጠውን ገልብጣችሁ ብትሰኩት አይሠራምና ስትገዙ «ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፅም በቪጂኤ አያልፍም። የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳም ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅና ፋይል ብቻ የሚያስተላልፍ አለ።

ዳር ዳሩ ከተቆረጠ

ከታች ሰዓቱ ግማሹ ጠፍቷል፣ ከላይ መስኮቱን የምትዘጉበት ምልክት የለም። ይህ ኦቨርስካን ይባላል፤ ቲቪዎች ከኋላቸው ትልቅ ሆድ በነበራቸው ዘመን የምስሉን ሻካራ ጠርዝ ለመደበቅ ጥቂት ያጎሉት ነበር፣ ልማዱ ዛሬም አልቀረም። ለዚህ ችግር ላፕቶፑ ላይ ሪዞሉሽን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። በቲቪው የምስል መጠን ሜኑ ውስጥ «ስክሪን ፊት» ወይም፣ ኤልጂ ከሆነ፣ «ጀስት ስካን» የሚለውን ፈልጉ።

ፊደሉ ከደበዘዘ

ብዙ ባለ 32 ኢንች ቲቪዎች «ኤችዲ» ተብለው ቢሸጡም ስክሪናቸው 1366 በ768 ነጥብ ነው። ላፕቶፑ 1920 በ1080 ሲልክላቸው ጨምቀው ያሳያሉ፤ ለኳስ ይበቃል፣ ለፊደል ግን አይሆንም። ሪዞሉሽኑን ስክሪኑ ወዳለው ልክ፣ ካልተገኘም ወደሚቀርበው አውርዱት።

ልኩ ተስተካክሎም ቀይ ፊደል በጥቁር ላይ ከተጨማለቀ ቲቪው የቀለሙን መረጃ እየቀነሰ ነው፤ ፊልም ላይ ዓይን አይለየውም፣ ጽሑፍ ላይ ግን ያስታውቃል። የዚያን ቀዳዳ ስም በቲቪው ሜኑ ወደ «ፒሲ» ቀይሩት። ስም መቀየር ብቻ ይመስላል፣ ግን በብዙ ቲቪዎች ላይ የምስል አሠራሩም አብሮ ይለወጣል። «ሻርፕነስ»ንም ቀንሱ።

4ኬ ላይ ማውዙ ከተንቀረፈፈ

የኤችዲኤምአይ ስሪት 1.4 (የቀዳዳው ቁጥር አይደለም) ያለው ላፕቶፕ 4ኬን፣ ማለትም 3840 በ2160 ነጥብን፣ በሴኮንድ 30 ምስል ብቻ ነው የሚልከው፤ ለ60 ምስል ስሪት 2.0 ያስፈልጋል። ላፕቶፑ አቅም ካለው ከቲቪው በኩል የሚከፈት ነገር አለ፤ ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ» ይባላል። አቅም ከሌለው 1920 በ1080ን በሴኮንድ 60 ምስል መላክ ይሻላል፤ እኔ ከጥራት ፍጥነት እመርጣለሁ።

ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ላፕቶፑ ከ16 እስከ 235፣ ቲቪው ከ0 እስከ 255 እየቆጠሩ ነው። በላፕቶፑ የግራፊክስ ካርድ ሴቲንግ «ፉል»ን (ከ0 እስከ 255) ምረጡ።

ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ የላፕቶፑን የድምፅ ምልክት ነክታችሁ የቲቪውን ስም ምረጡ።

ሁሉም እየታየ የተከፈለበት ፊልም ብቻ ከጠቆረ ግን ኤችዲሲፒ የተባለው የቅጂ መከላከያ ነው። መሐል ላይ ኮንቨርተር ወይም ማከፋፈያ ካለ አውጡትና ላፕቶፑን በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰኩት።