ዘጠኝ ገጽ ላይ የቀሩ ደብተሮች፦ የግል ማስታወሻ ስንይዝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጎፋ የኪራይ ቤት ወጥተን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ አንድ ካርቶን ሳይፈታ ሁለት ወር ከረመ። በመጨረሻ ስከፍተው ሰባት ደብተር ወጣ። ሁሉም የዕለት ማስታወሻ ናቸው፤ ሁሉም ጅምር። አብዛኞቹ ዘጠኝ ገጽ አካባቢ ላይ ቀርተዋል። ስምንተኛው ግን ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። የማወራችሁ ሰባቱ በምን በምን እንደሞቱ ነው።

ቀን መጠበቅ፣ የሚያምር ደብተር መፈለግ

ከሰባቱ አራቱ የሚጀምሩት መስከረም 1 ላይ ነው። አንዱ ደግሞ በስጦታ ያገኘሁት የቆዳ ሽፋን ያለው አጀንዳ ነው። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለታተመ ጃንዋሪ 1 ብሎ ይጀምራል፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ መሆኑ ነው። ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅም። ችግሩ ግን እሱ አይደለም። ሦስት ቀን ካልጻፋችሁ ቀናቸው የታተመባቸው ሦስት ባዶ ገጾች ያፈጡባችኋል። ሽፋኑም እጅ ያስራል፤ እንዲህ ባማረ ደብተር ላይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ መጻፍ ያሳፍራል።

አሁን የምጠቀመው ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ተራ ባለ መስመር ደብተር ነው። ቀኑን ራሴ እጽፋለሁ። የጀመርኩት አንድ ተራ ማክሰኞ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ መጻፍ

የኮዬ ሰው ያውቀዋል። ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጥተን ታክሲ እንሰለፋለን፤ ማታ 2 ሰዓት አልፎ ቤት እንገባለን። ሽሮው እስኪሞቅ ዐይን ይከደናል። ለእንዲህ ዓይነት ሰው “በየቀኑ አንድ ገጽ” ማለት ቅጣት ነው። ሁለተኛው ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ቀን አራት ገጽ፣ አሥረኛው ቀን ግማሽ መስመር ነው፦ “ዛሬ ደክሞኛል።” ከዚያ በኋላ ጭጭ።

የእኔ ልክ ሦስት መስመር ነው። ሲያሰኘኝ ይረዝማል፤ ግዴታው ግን ሦስት ብቻ። ጊዜውንም በሰዓት አልቆረጥኩም። ማታ ስልኬን ቻርጅ ላይ ስሰካ ደብተሩን አነሳለሁ። መብራት ከጠፋም ለሦስት መስመር ሻማ ይበቃል።

የቀረውን እንደ ዕዳ መቁጠር

ብዙ ደብተር የገደለብኝ ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ለቅሶ ሆነና አምስት ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ። ስመለስ የአምስቱን ቀን ላካክስ ብዬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቀን እያስታወስኩ ስጽፍ ደከመኝ። በማግስቱ ዕዳው ስድስት ቀን ሆነ። ከዚያ ሰባት። ስምንተኛው ቀን ደብተሩን ማየት ራሱ አስጠላኝ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ ተከታተሉ። ነገሩ ሳያስቡት የሚሠሩት እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። የሰው ልዩነት ግን ሰፊ ነው፤ ከ18 እስከ 254 ቀን ተገምቷል። እኔን ያስደሰተኝ ሌላው ውጤት ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን ያን ያህል አልጎዳውም።

ስለዚህ አሁን ከዘለልኩ የዛሬውን ቀን ጽፌ እቀጥላለሁ። ስለ ቀሩት ቀናት “ለቅሶ ነበር” ካልኩ በቂ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ብጽፍም አልጨነቅም። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገና የትናንቱ ሌሊት ነው፤ እስኪነጋ ጊዜ አለኝ።

ሌላ ሰው እንደሚያነበው አድርጎ መጻፍ

አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለአራት ሲኖር ምስጢር የት ይቀመጣል? ታናሽ እህቴ ሦስተኛውን ደብተር አነበበችው። ምንም አላለችም፤ ግን ከአነጋገሯ ገባኝ። ከዚያ በኋላ በሰምና ወርቅ መጻፍ ጀመርኩ። አለቃዬን “ደመናው”፣ አንዲት ጓደኛዬን “የዘጠነኛዋ”። ዘንድሮ ሳነበው ዘጠነኛዋ ማን እንደሆነች ጠፋኝ። ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ቀረ።

ከኮድ ይልቅ የጠቀመኝ መናገር ነው። “ይህ የእኔ ነው፣ አታንብቡት” ብዬ ለቤተሰቡ ነገርኩ። አሳፋሪ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን ከቁብም አልቆጠሩት። ደብተሩ የሚያድረው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በጣም የከበደውን ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፌ እቀደዋለሁ። መጻፉ አይቀርም፤ የሚጠፋው ወረቀቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ቀን ጻፉ። ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ስሜታቸውንም ጨምረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ አነሰ። ጽፈው እንደጨረሱ ግን ስሜታቸው ይብስ ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ጽፋችሁ ዛሬውኑ ካልቀለላችሁ “አይሠራልኝም” ብላችሁ አትተዉት።

ስልክ ላይ ስለመጻፍ ብዙ አልልም። ለሚሆንለት ይሁንለት። እኔ ታክሲ ውስጥ ሞክሬው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ አብሮኝ አነበበ።

ሲከፋ ብቻ መጻፍ

አራተኛው ደብተር ሙሉ ብሶት ነው። ያነበበው ሰው ያን ዓመት አንድም ቀን ያልሳቅሁ ይመስለዋል። ስቄያለሁ፤ ያኔ ግን አልጻፍኩም። ጤፍ ስንት እንደነበር፣ እናቴ ስልክ ደውላ ምን እንዳለች፣ ምንም የለም። አሁን ከሦስቱ መስመር አንዱን ዐይኔ ላየው ነገር እተወዋለሁ። የትናንት ማታው ይኸውላችሁ፦

“ውሃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መጣ። ደረጃው ሁሉ በጀሪካን ተሞላ። የሦስተኛው ፎቅ ሰውዬ በእንቅልፍ ልቡ የእኛን ባልዲ ይዞ ገባ፤ ነገ እጠይቀዋለሁ።”