ከድልድይ ግርጌ መዋኘት፦ ለሮቢና ለጀውሃ ዋናተኞች

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ወንዙ ድንገት ደፍርሶና አረፋ ደፍቆ ሊመጣ ይችላል። የሮቢ ውሃ የሚወርደው ከጣርማበርና ከደብረ ሲና ተራሮች ነው። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ የተራሮቹ ጫፍ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ቁልቁለት የሚንደረደር ደራሽ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቢሆን መምጣቱን አይተውም። ስለዚህ እዚህ አዘውትሮ መዋኘት የሚፈልግ ሰው ከቀዘፋው በፊት የራስጌውን፣ ማለት ውሃው የሚወርድበትን፣ ሰማይ መከታተል ይልመድ።

መመሪያው ሳያርፍ 50 ሜትር ለሚዋኝና በጀርባው ሁለት ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት ለሚችል ሰው ነው። ይህን የማይችል ሰው መጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ ይማር። ወራጅ ውሃ የመለማመጃ ቦታ አይደለም።

መቼ ይገባል?

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ጭራሽ አትግቡ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። በልግ የሚጥልበት ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ደግሞ አሳሳች ነው፤ ቆላው አቧራ እየጨሰ ደጋው ብቻ ሊዘንብበት ይችላል። ደህናው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ውሃውን ወደ ቦዩ ስለሚጠልፈው ወንዙ ይሳሳል፣ ጥልቅ ጥልቁ ቦታም ቆሞ ይቀራል። የቆመ ውሃ የራሱ ጣጣ አለው፤ መጨረሻ ላይ እንመጣበታለን።

ከቤት ሳትወጡ ከወንዙ ራስጌ፣ ደብረ ሲና ወይም አርማንያ ላለ ዘመድ ደውሉ። ጥያቄው ሁለት ብቻ ነው፦ ትናንት ማታ ዘንቧል ወይ? አሁንስ ደመና አለ ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋናውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጀውሃ ወንዝ ላይ የምትዋኙም እንዲሁ ከበላይ ካለው ደጋ ወሬ ጠይቁ። ዘንቦ ከነበረ፣ ጉልበታችሁ ድረስ ገብታችሁ የእግራችሁን ጣቶች በውሃው ውስጥ አጥርታችሁ እስክታዩ ድረስ ታገሡ።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ ፈልጉና ልክ የውሃው ጠርዝ ላይ፣ ከውሃው አንድ ጣት ከፍ ብሎ እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በዋናው መካከል ዞር ባላችሁ ቁጥር እሱን እዩ። ድንጋዩ ከራሰ፣ ውሃው ቀለሙን ከለወጠ፣ ቅጠልና ጭራሮ መንሳፈፍ ከጀመረ ወይም ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ ከተሰማ፣ ወዲያው ባላችሁበት በኩል ውጡና ወደ ከፍታ ሂዱ። ልብስ ማዶ ቀርቷል ብሎ መሻገር ሰው ያስበላል።

ቦታ መምረጥ

ድልድይ አጠገብ መዋኘት ይመቻል፤ መንገድ ቅርብ ነው፣ ሰው አይጠፋም፣ ጥላም አለ። ግን ምሶሶው ውሃውን ስለሚያጠብበው ፍጥነቱ እዚያ ይጨምራል፤ ከምሶሶው እግር ሥር አሸዋውን እየጠረገ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ከኋላው ደግሞ አዙሪት ይሠራል። የተወሰደ ግንድና እሾህም ምሶሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ሾልኮ ሲያልፍ ሰው ግን እዚያው ተለጥፎ ይቀራል። ስለዚህ ከድልድዩ በላይ በኩል አትዋኙ፤ ከደከማችሁ ውሃው ይዟችሁ የሚሄደው ወደ ምሶሶው ነው። ከድልድዩ በታች፣ ቢያንስ 50 እርምጃ ርቃችሁ ግቡ።

ጋቢዮኑን ደግሞ በዓይናችሁ መርምሩት። ዳሩን እንዲጠብቅ ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሣጥን ከጥቂት ክረምት በኋላ ይበሰብስና ሽቦው ተበጥሶ እንደ መንጠቆ ወደ ውሃው ይቆለመማል። ሲደፈርስ አይታይም፤ ቁምጣ ይይዛል፣ ቆዳ ይሸረክታል። ጋቢዮን ካለበት ዳር አትግቡ፣ በዚያ በኩል አትውጡም።

ጥልቁን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ ከእሱ በታች ያለውን 100 ሜትር በእግራችሁ ሂዱበት። መውጫ የሚሆን ሰፊ አሸዋማ ዳር ከሌለ ወይም የወደቀ ዛፍ ካለ ቦታው አይሆንም። ቀጥሎ ሁለት ሜትር በሚሆን ዱላ ጥልቀቱን ለኩ። ይህን በየቀኑ አድርጉት፤ ትናንት አንገት የደረሰው ቦታ ዛሬ በአሸዋ ተሞልቶ ወገብ ላይ ሊቀር ይችላል። ከድልድይም ሆነ ከቋጥኝ በጭንቅላት መወርወር የማይፈቀደው ለዚሁ ነው።

የውሃው ፍጥነት የሚለካው በጭራሮ ነው። ዳር ላይ 10 ሜትር (12 ወይም 13 ሰፋፊ እርምጃ) ምልክት አድርጉ፣ ጭራሮውን መሃል ላይ ጣሉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ከ30 ሰከንድ በላይ ከፈጀ መዋኘት ይቻላል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ከሆነ ለብርቱ ዋናተኛ ብቻ ነው። ከ20 ሰከንድ ካነሰ ተመለሱ። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው፤ መካከለኛ ዋናተኛ 100 ሜትር ለመዋኘት ከ2 እስከ 2 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፣ ይህም በሰከንድ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው በሰከንድ 50 ሳንቲ ሜትር (10 ሜትር በ20 ሰከንድ) ከሄደ ለእናንተ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ ትንሽ ሲደክማችሁ ደግሞ እሱም ያልቃል።

ሌላው የይሉኝታ ጉዳይ ነው። ሰው የሚጠጣውን ከሚቀዳበት በታች እንጂ በላይ አትዋኙ፤ ልብስ የሚያጥቡ እናቶችና እህቶች ካሉም ራቅ በሉ። ጠበል በተባለ ቦታ መዋኘት አይታሰብም።

ዕቃና አገባብ

ብዙ ወጪ የለውም። ሸበጥ ውሃ ይወስደዋል፤ ማሰሪያ ያለው ኮንጎ ጫማ ከጠርሙስ ስባሪም ከድንጋይም ያድናል። ጂንስና ሰፊ ሱሪ ውሃ ጠጥቶ ይጎትታል፤ ከሰውነት ጋር የሚሄድ ቁምጣ ይበቃል። ሴቶች ጠበቅ ያለ ሙሉ ልብስ ቢለብሱ ለዋናም ለፀሐይም ይሆናል፣ ነጠላና ሻርፕ ግን ዳር ይቅር። ራስ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ነገር እሰሩ፤ ደፍራሳ ውሃ ላይ ጥቁር ፀጉር አይለይም።

ሲገቡ ፊት ወደ ራስጌ፣ እግር እየተጎተተ እንጂ እየተነሳ አይደለም። ወገብ ላይ ሲደርስ ቁሙ፤ ፊትንና ማጅራትን አርጥቡ። ቁና ቁና የሚያስተነፍሰው ድንጋጤ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆያል፤ ትንፋሽ ሳይረጋጋ ጭንቅላት ውሃ ውስጥ አይገባም።

የመጀመሪያው ቀዘፋ ሁልጊዜ ሽቅብ ነው። ጉልበት ሳለ ወደ ላይ ከተሄደ መመለሻው ቀላል ይሆናል፤ ቁልቁል የጀመረ ሰው ግን ከባዱን ክፍል ለድካሙ ሰዓት አስቀመጠ ማለት ነው። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 10 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየጨመራችሁ 30 ወይም 40 ደቂቃ ላይ አቁሙ። ቦታው 25 ሜትር ርዝመት ካለው ሁለቱን ምልልስ በነፃ ቀዘፋ፣ ሦስተኛውን ጭንቅላት ቀና አድርጎ በደረት ቀዘፋ መዋኘት ጥሩ ነው፤ በሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ይመለሳል፣ ራስጌውም ይታያል። በነፃ ቀዘፋም ቢሆን በየስድስት ክንዱ ዓይንን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጭንቅላቱን ቀና እንዳደረገ ይዋኛል፣ ወገቡና እግሩ ይሰምጣል፣ ከዚያ አቅም አጣሁ ይላል። ፊት ወደ ታች ሲመለከት እግር ራሱ ይነሳል።

ውሃው ከወሰዳችሁ ተቃውሞ መቅዘፍ አቁሙ። በጀርባ ተገልበጡ፣ እግር ወደ ግርጌ፣ የእግር ጣት ከውሃ በላይ፤ በእጃችሁ እየቀዘፋችሁ በሰያፍ ወደ ዳር ተጠጉ። ውሃው ከጉልበት በታች ሳይሆን ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውየውን በላዩ ላይ ያጥፈዋል። አዙሪት ውስጥ ከሆናችሁ መሃሉን ለመሻገር አትታገሉ፤ ከዙሩ ጋር ሂዱና ጠርዙ ወደ ዳር ሲያቀርባችሁ ፈንጠር ብላችሁ ውጡ።

ይህ ከባሕር ምክር ጋር አይምታታባችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ ጥልቁ የሚስብ ሞገድ ሲይዝ መጀመሪያ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ይዋኛል፤ ከሞገዱ ከወጡ በኋላ ነው ወደ መሬት የሚዞረው። ጅቡቲም ሆነ ሌላ ባሕር የሄደ የሮቢ ልጅ ጨዋማው ውሃ ከለመደው ይበልጥ እንደሚያንሳፍፈው ወዲያው ያውቀዋል፤ ጀቲ (ባሕሩ ውስጥ በምሶሶ ላይ የተዘረጋ የመርከብ መጠጊያ) ሥር ግን ምሶሶው ላይ የተጣበቀ ስለታም ዛጎልና የዓሣ ማጥመጃ ክር ስላለ፣ የድልድዩ ሕግ እዚያም ይሠራል።

ዳር የሚቀረው ሰው

ብቻ መዋኘት የለም። አንድ ሰው ልብሱን ሳያርስ ዳር ይቀመጣል፤ ሥራው ራስጌውን ማየትና ገመድ መያዝ ነው። 15 ሜትር የጣት ውፍረት ያለው የናይለን ገመድ፣ ጫፉ ላይ ባዶ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን እሰሩ። ጀሪካኑ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ አስቀርታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፤ ጭራሽ ባዶ ከሆነ ነፋስ ይመልሰዋል፣ ከሞላ ደግሞ አያንሳፍፍም። ከሰውየው አሳልፋችሁ ወርውሩት፣ ገመዱ ላዩ ላይ እንዲወድቅ። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው። ገመድ ከሌለ ዱላ ወይም ጋቢ ዘርጉ። ተከትሎ መግባት ግን አንዱን አደጋ ሁለት ያደርገዋል።

የወጣው ሰው የማይተነፍስ ከሆነ ውሃ ይውጣለት ተብሎ አይዘቀዘቅም፣ ሆዱም አይጫንም፤ ይህ ጊዜ ይገድላል፣ ትውኪያውንም ወደ ሳንባው ይመልሰዋል። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ አፍንጫውን ያዙና በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ስጡት። ካልተንቀሳቀሰ ደረቱ መሃል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪጎደጉድ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ትንፋሽ ስጡ፣ እንደገና 30። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። መኪና እስኪመጣ አይቆምም። የነቃም ቢሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሳንባው በኋላ ሊታወክ ይችላል።

ደጋ ላይ ለምትዋኙ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው፤ ከሮቢ የወጣ ሰው የለመደውን ርቀት በግማሽ ይጀምር። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ውሃው ከ10 ደቂቃ በላይ አያስቆይም። ስትወጡ እርጥቡን ልብስ መጀመሪያ ቀይሩ፤ መንቀጥቀጡ የሚብሰው ከወጣችሁ በኋላ ነውና ቶሎ ጋቢ ደርቡ። የበረሳ ወንዝ ከተማውንና ፋብሪካዎቹን ካለፈ በኋላ ለዋና አይሆንም። ምንጭ አካባቢ ደግሞ አልቅት ስላለ ውሃ አትዋጡ፤ ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ሐኪም ነው የሚያወጣው።

ቢልሃርዚያ

የቆላው ትልቁ ስውር ጣጣ ይህ ነው፤ ደጋው ለቀንድ አውጣው ስለሚበርደው ስጋቱ እዚያ ያንሳል። በሽታው የሚመጣው ሰዎች የተጸዳዱበት ውሃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ በሚወጣ የትል እጭ ነው። እጩ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ በፎጣ ማሸት ሊቀንሰው ይችል እንደሆነ እንጂ አያስተማምንም። ቀንድ አውጣው ቀስ ያለና ሣር የበዛበት ውሃ ይወዳል፣ ስለዚህ ቄጠማ ካለበት ዳርና ከመስኖ ቦይ ራቁ። እጩ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚህ ነው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት መዋኘት የሚሻለው። እንዲህም ሆኖ ስጋቱ ዜሮ አይሆንም።

አዘውትሮ የሚዋኝ ሰው ወቅቱ ሲያልቅ የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ከመጨረሻው ዋና በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መቆየት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ሰገራ ላይ ላይታይ ይችላል፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴልም ያልበሰለውን ትል በደንብ አይገድልም። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ የተለመደው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም አንዴ የሚወሰድ ነው። ከዋና በኋላ ሰውነት ካሳከከ፣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ትኩሳትና ሳል ከተከተለ፣ ወባ ነው ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ወንዝ የገባችሁበትን ወር ለሐኪሙ ንገሩት።